ከመምህሩ ጎን የቆሙት፦ በጦርነት የተጎዱ ሕፃናትና ረዳቶቻቸው በእንግሊዝ አገር (እ.ኤ.አ. 1941–1946)

1. መግቢያ

በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዝቅተኛ ክፍሎች ውስጥ ከመምህሩ ሌላ የሚያገለግል አንድ ሰው ይገኛል። ይህ ሰው አንዳንድ ጊዜ ረዳት መምህር፣ አንዳንድ ጊዜም ሞግዚት ይባላል። የሚያለቅሰውን ሕፃን ያባብላል፤ ከክፍል የወጣውን ፈልጎ ያመጣል፤ ያመመውን ከጥግ ያስተኛል። የትምህርት ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ስለ መምህራን፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርትና ስለ መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ሲባል፣ ስለዚህ ሰው የሚነገረው ግን እምብዛም ነው። በዕቅድ ላይም ቢሆን ስሙ የሚገኘው ከደመወዝ ሠንጠረዡ ግርጌ ነው።

ይሁንና ተማሪዎቹ ከጦርነት፣ ከስደት ወይም ከወላጅ ሞት በኋላ ወደ ክፍል የገቡ በሚሆኑበት ጊዜ የዚህ ሰው ሥራ ከዳር ወደ መካከል ይመጣል። መንፈሱ የተሰበረ ልጅ ትምህርት ለመቀበል ከመቻሉ በፊት የሚያምነው አንድ ሰው ማግኘት አለበት። መምህሩ ደግሞ ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ስለሚጠብቁት፣ ለአንዱ ልጅ ይህን ሰው ሆኖ ለመገኘት ብዙውን ጊዜ አይችልም።

ይህ ጽሑፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከጦርነቱ ማግሥት በእንግሊዝ አገር በጥቂት የሕፃናት ቤቶች ውስጥ የተሠራውን ሥራ ይመረምራል። ጉዳዩ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በአብዛኛው የተከናወነው ገና በሥልጠና ላይ በነበሩ ወጣት ሴቶች ነው። ሁለተኛ፣ እነዚህ ሠራተኞች በየዕለቱ ያዩትን በጽሑፍ ስለ መዘገቡ፣ ምን እንደ ሞከሩ ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ለወጡም ለማወቅ ይቻላል። ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ልጆቹ ከየት መጡ?

የእንግሊዝ መንግሥት ጦርነቱ በታወጀበት ሰሞን፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ከታላላቅ ከተሞች ወደ ገጠር አወጣ። ከእነዚህም ውስጥ ከ800,000 በላይ የሆኑት ከወላጆቻቸው ተለይተው ከትምህርት ቤቶቻቸው ጋር የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ዕቅዱ በባቡሩ፣ በሰዓቱና በቁጥሩ ረገድ ተሳክቷል። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር ልጁ ከእናቱ በድንገት ሲለይ በውስጡ የሚደርሰው ጉዳት ነበር። የተፈራው የአየር ድብደባ ለጊዜው ስለ ዘገየ ከልጆቹ ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ድብደባው የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ከሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 ጀምሮ ለንደን ለ57 ተከታታይ ሌሊቶች በቦምብ ተመታች። ቤታቸው የፈረሰባቸው ቤተሰቦች ሌሊቱን በመጠለያና በምድር ውስጥ የባቡር ጣቢያ ያሳልፉ ጀመር። አባት ዘምቷል ወይም ሞቷል፤ እናት በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ልጁ ደግሞ የሚተኛበት የረጋ ስፍራ የለውም። ስለዚህም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሕፃኑ ተረጋግቶ የሚያድርበትና የሚውልበት ቤት ነበር።

3. የሦስቱ ቤቶች አመሠራረት

ይህን ሥራ የጀመሩት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አና ፍሮይድ የታወቁት የሥነ ልቡና ሊቅ የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ሲሆኑ፣ ወደ አባታቸው ሙያ ከመግባታቸው በፊት በቪየና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። የሥራ ባልደረባቸው ዶሮቲ በርሊንግሃም አሜሪካዊት ናቸው። ሁለቱም በቪየና ሳሉ በ1937 ለድሆች ሕፃናት በተከፈተ አንድ የሕፃናት መዋያ አብረው ሠርተው ነበር። ናዚዎች በማርች 1938 ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ግን መዋያው ተዘጋ፤ አና ፍሮይድም ከቤተሰባቸው ጋር በጁን ወደ ለንደን ተሰደዱ።

በጃንዋሪ 1941 ሃምስቴድ በሚባለው የለንደን ሠፈር፣ በዌደርበርን ጎዳና የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ። በዚያው ዓመት በጋ ላይ ለጨቅላ ሕፃናት ሁለተኛው ቤት በኔዘርሆል ጋርደንስ ተጨመረ። ሦስተኛው ቤት ከፍ ያሉትን ልጆች ከቦምብ ለማራቅ በኤሴክስ ገጠር የተቋቋመ ሲሆን ኒው ባርን ይባል ነበር። የገንዘቡ ዋና ምንጭ በአሜሪካ የነበረ፣ ለጦርነት ጉዳተኛ ሕፃናት ረዳት የሚያፈላልግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ስለ ሥራው ሂደት በየወሩ ሪፖርት ይላክለት ነበር። ከእነዚህ ሪፖርቶች የተገኘው ዕውቀት በኋላ በሁለት መጻሕፍት ታትሞ ለሌሎች አገሮች መምህራንም ደርሷል።

የቤቶቹ ሠራተኞች እነማን ነበሩ? ጥቂቶቹ የሠለጠኑ ነርሶችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራት ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ግን ከጀርመንና ከኦስትሪያ ተሰደው የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ወጣቶች ራሳቸው ከቤተሰብና ከአገር የተለዩ ነበሩ። የኒው ባርን ኃላፊ የሆኑት አሊስ ጎልድበርገር እንኳ ከናዚዎች ሸሽተው ከመጡ በኋላ፣ የጀርመን ዜጋ በመሆናቸው ብቻ በማን ደሴት ታግተው ነበር። በዚያም የታጋቾቹን ልጆች ሰብስበው መዋያ አደራጅተዋል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ረዳቶቹ ያላቸው የትምህርት ማስረጃ ጥቂት ቢሆንም የሕፃናቱን ሐዘን ከሩቅ የሚያውቁት አለመሆናቸው ነው። ይሁን እንጂ ሐዘንን ማወቅ ብቻውን ሙያ ስለማይሆን፣ ከሥራው ጎን ለጎን ስለ ሕፃናት ዕድገት፣ ስለ ጤናና ስለ ጨዋታ ትምህርት ይሰጣቸው ነበር።

ቤቶቹ ከሌሎች ማሳደጊያዎች የሚለዩበት አንድ ደንብም ነበራቸው። ይኸውም የወላጅ መጠየቂያ ሰዓት አለመወሰኑ ነው። እናት ከፋብሪካ ስትወጣ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ መጥታ ልጅዋን ማየት ትችል ነበር። በጊዜው ብዙ ሆስፒታሎችና ማሳደጊያዎች ወላጅ መጥቶ ሲሄድ ልጁ ስለሚያለቅስ መጠየቅን ያሳጥሩ ወይም ይከለክሉ ነበር። በሃምስቴድ ግን የተያዘው ሐሳብ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የልጁ ለቅሶ እናቱን አለመርሳቱን የሚያመለክት እንጂ የሚታፈን ጥፋት አይደለም።

4. በጋራ ከመያዝ ወደ ትንንሽ ቤተሰብ

የሦስቱ ቤቶች ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎች እጅግ የሚጠቅመው በዚህ ክፍል ነው። በመጀመሪያ ሥራው የተደራጀው እንደ ማንኛውም የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ልጆቹን ሁሉ በተራና በጋራ ይይዙ ነበር። አሠራሩ ለአስተዳደር የተመቸ ነው፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትተካለች፤ ሥራውም እኩል ይከፋፈላል። ሕፃናቱም በልተው፣ ታጥበው፣ ተኝተው ይታዩ ስለ ነበር ከውጭ ሲመለከቱት ጉድለት አልነበረውም።

ዕለታዊው ምዝገባ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ልጆቹ በሰውነት እንቅስቃሴና ራሳቸውን ችለው በመብላት ረገድ ደኅና ሲሆኑ፣ በንግግርና በንጽሕና ልማድ በእናታቸው ቤት ከሚያድጉት ልጆች ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ምክንያቱ ሲጠና፣ ንግግርና ንጽሕና ልጁ ለሚወደው አንድ ሰው ብሎ የሚማራቸው ነገሮች እንደ ሆኑ ታመነበት። ሁሉም የሚይዘው ልጅ ደግሞ የእኔ የሚለው ማንም አልነበረውም።

ስለዚህ ልጆቹ አራት ወይም አምስት እየሆኑ በትንንሽ ቤተሰብ ተከፈሉ፤ ለእያንዳንዱም ቤተሰብ አንዲት ሠራተኛ እንደ እናት ተመደበች። ምደባው በዘፈቀደ አልነበረም። ልጁ ቀድሞውኑ ወደ ማን እንደሚያዘነብል፣ ሠራተኛዋም ለየትኛው ልጅ ልብዋ እንደሚያደላ እየታየ የተደረገ ነበር።

የለውጡ የመጀመሪያ ውጤት ሰላም አልነበረም። ቀድሞ ጸጥ ያሉ ይመስሉ የነበሩ ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅናተኛና ቁጡ ሆኑ። ሠራተኛይቱ ሌላ ልጅ ስታቅፍ ይመታሉ፤ ከክፍል ስትወጣ በሩን ይዘው ይጮኻሉ፤ የዕረፍት ቀንዋ ሲደርስ አንበላም ይላሉ። ይህን ያየ ተቆጣጣሪ አዲሱ ሥርዓት ልጆቹን አበላሸ ለማለት ይችል ነበር። አና ፍሮይድና ባልደረቦቻቸው ግን ሁከቱን የተረዱት በሌላ መንገድ ነው፤ ልጁ የሚጮኸው እንደ ገና የሚያጣው ሰው ስላገኘ ነው። ጊዜው እያለፈ ሲሄድ፣ ልጆቹም ሠራተኛይቱ ሄዳ እንደምትመለስ ሲያምኑ፣ ጩኸቱ በረደ። ንግግርና የንጽሕና ልማድም ከዚያ በኋላ በግልጽ ተሻሻለ።

ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ከባድ ነው። ረዳቱ ለልጁ የሚጠቅመው ልጁ ሲወደው ነው፤ ልጁ የወደደው ረዳት ደግሞ በድንገት የሄደ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ጉዳት ይደገማል። ስለሆነም አንድን ረዳት ለአንድ ልጅ መመደብ እንደ ዕቃ ምደባ የሚቆጠር ነገር አይደለም።

5. የማየትና የመጻፍ ሥራ

በሃምስቴድ ቤቶች ሠራተኛ የሆነ ሁሉ፣ ሥራው ምንም ይሁን ምን፣ ስለ ሕፃናቱ ያየውን በትናንሽ ካርዶች ላይ የመጻፍ ግዴታ ነበረበት። ጄምስ ሮበርትሰን የተባሉት ስኮትላንዳዊ በኅሊና ምክንያት ጦር መሣሪያ ላለመያዝ የወሰኑ ሰው ሲሆኑ፣ ወደ ቤቱ የገቡት የማሞቂያውን ምድጃ ለማንደድና ጥገና ለመሥራት ነበር። እርሳቸውም ቢሆኑ ካርድ ተሰጥቷቸው ያዩትን ይጽፉ ነበር። ካርዶቹ ተሰብስበው በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ይነበባሉ፤ ይመረመራሉ። የጻፈው ሰው ማዕረግ ሳይሆን የታየው ነገር ትክክለኛነት ይመዘን ነበር።

የምዝገባው ጥቅም በሁለት ምሳሌዎች ይገለጣል።

የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ ነው። ወላጆቹ ወደ ቤቱ ሲያስገቡት እንዳያለቅስና ጨዋ እንዲሆን፣ ያለዚያ ግን እናቱ እንደማትጠይቀው ነገሩት። ልጁም ቃሉን ጠብቆ አላለቀሰም። ነገር ግን ለሚያየው ሰው ሁሉ እናቱ እንደምትመጣ፣ ካፖርቱን እንደምታለብሰው፣ ወደ ቤት እንደምትወስደው ደጋግሞ ያረጋግጥ ጀመር። ይህ መደጋገም ያሰለቸው ሰው ዝም እንዲል በጠየቀው ጊዜ ቃሉን ተወ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ልጆች ሲጫወቱ እርሱ ከጥግ ቆሞ፣ ካፖርት የሚለብስ ይመስል እጆቹን ያንቀሳቅስ፣ ከንፈሮቹንም ያለ ድምፅ ያላውስ ነበር። በክፍል ውስጥ ይህን የመሰለ ልጅ ለማንም አያስቸግርም፤ ምናልባትም በጨዋነቱ ይመሰገናል። ከጥግ ሆኖ የሚያየው ሰው ባይኖር ኖሮ ሐዘኑ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

ሁለተኛው አባቱ በአየር ድብደባ የሞተበት የአራት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ስለ ነገሩ መነጋገር አልፈለገችም፤ ልጁም አባቱ መሞቱን አይቀበልም ነበር። ከወረቀት ቤቶች እየሠራ በብይ ይደበድባቸዋል፤ ያፈርሳቸዋል፤ በጨዋታው ግን ሰዎቹ ሁሉ ሁልጊዜ ይድናሉ። ይህንኑ ጨዋታ ለወራት ያለ መታከት ደጋገመው። ሠራተኞቹ ጨዋታውን አልከለከሉም፤ አባትህ እኮ ሞቷል ብለውም አላስገደዱትም። በመጨረሻ ልጁ ራሱ፣ በራሱ ጊዜ፣ አባቱ እንደማይመለስ በአንደበቱ ተናገረ፤ ጨዋታውም ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አላስፈለገውም።

ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን ያየ መምህር ልዩነቱን ያስተውላል። አንዱ ሐዘኑን እንዳይናገር ተደርጎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ሌላው ሐዘኑን በጨዋታ እንዲያወጣ ተፈቅዶለት ወደ ንግግር ደረሰ።

የካርዶቹ ውጤት ከቤቶቹም አልፏል። ሮበርትሰን ከ1948 ጀምሮ በሆስፒታል የሚተኙ ሕፃናትን በተመሳሳይ ዘዴ አጠኑ፤ በ1952ም አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ በሆስፒታል ውስጥ ከእናትዋ ተለይታ የምትሆነውን የሚያሳይ ፊልም አዘጋጁ። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያ ቢቃወሙትም፣ በ1959 በእንግሊዝ አገር የወጣው የፕላት ኮሚቴ ሪፖርት ወላጆች በሆስፒታል የተኙ ልጆቻቸውን ያለ ገደብ እንዲጠይቁ አሳሰበ። ምድጃ አንዳጅ ሳሉ የለመዱት የማየት ልማድ ለአንድ አገር የሆስፒታል ሥርዓት መለወጥ ምክንያት ሆነ።

6. ከቴሬዚን የመጡት ስድስት ልጆች

ሦስቱ ቤቶች በጦርነቱ መጨረሻ፣ በ1945 ተዘጉ። ሠራተኞቹ ግን ከዚያ የከፋ ፈተና ገጠማቸው። በኦገስት 1945 ከናዚ ማጎሪያ ሠፈሮች የተረፉ 300 ያህል ልጆች ከፕራግ በአውሮፕላን ወደ ሰሜን እንግሊዝ መጡ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱ ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አራት ዓመት የሚገመት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆቻቸውን በናዚዎች እጅ ያጡት ገና ጨቅላ ሳሉ ነው፤ ያደጉትም በቴሬዚን ማጎሪያ፣ እናት ለሌላቸው ሕፃናት በተለየ ክፍል ውስጥ ነበር።

በኦክቶበር ወር በሰሴክስ ወደሚገኘው ቡልዶግስ ባንክ ወደ ተባለ ቤት ተወሰዱ። በዚያም የተቀበሏቸው በሃምስቴድ ሲሠሩ የቆዩት ሶፊና ጌርትሩድ ዳን የተባሉ እኅትማማቾችና ጥቂት ረዳቶች ናቸው። ልጆቹ የተሰጣቸውን መጫወቻ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰባበሩ፤ የቤቱንም ዕቃ አበላሹ። አዋቂዎቹን ይመታሉ፣ ይነክሳሉ፣ ይተፉባቸዋል፤ በጀርመንኛም ይሰድባሉ። ውሻና የጭነት መኪና ሲያዩ በፍርሃት ይርበደበዳሉ።

እርስ በርሳቸው ግን ሌላ ዓለም ነበራቸው። አንዱ ከአንዱ ለጥቂት ጊዜ እንኳ መለየት አይወድም። በማዕድ ላይ ለጎረቤት ማካፈል ራስ ከመብላት ይቀድማል። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቀው ቅናትና ሽሚያም አልነበረም። እነዚህ ሕፃናት ወላጅ በሌለበት አንዱ ለሌላው ወላጅ ሆነው ነበር።

ረዳቶቹ በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው፣ በአንድነት ያመፁትን ልጆች ለያይቶ ሥርዓት ማስያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ያ አንድነት ሕይወታቸውን ያቆየ ሀብት መሆኑን አውቆ በትዕግሥት መጠበቅ ነው። እነርሱ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ልጆቹም ከሳምንታት በኋላ አዋቂዎቹን ወደ ኅብረታቸው ያስገቧቸው ጀመር፤ ለጓደኛቸው እንደሚያስቡት ሁሉ፣ ለአዋቂዎቹም ተራቸውና ድርሻቸው እንዲጠበቅላቸው ይጠይቁ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን የዚህን ዓመት ታሪክ በ1951 በጽሑፍ አውጥተውታል።

7. ማጠቃለያ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ መምህራን ሩቅ አይደለም። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። በትግራይ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ከተዘጉት ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ እንደ ገና ማስተማር የጀመሩት ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። ጣሪያና ወንበር በገንዘብ ይመለሳሉ። ወደ ክፍል የተመለሰው ልጅ ግን በቦታው ተቀምጦ እያለ ልቡ ገና ሳይመለስ ሊቆይ ይችላል። በአገሩ ባህል ወላጅ ያጣ ልጅ በዘመድና በጎረቤት መያዙ፣ በቄስ ትምህርት ቤትም ከፍ ያለው ተማሪ ለጀማሪው ፊደል ማስቆጠሩ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ከመምህሩ ጎን የሚቆም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሚቀረው ይህን ልማድ በሥርዓት ማደራጀት ነው።

ከታሪኩ የሚከተሉት አምስት ነጥቦች ለክፍል ሥራና ለዕቅድ ሊወሰዱ ይችላሉ።

ሀ) ረዳቱ ጥቂት ልጆች በቋሚነት ይመደቡለት እንጂ በተራ ከክፍል ወደ ክፍል አይዛወር። ምደባው ሲደረግ የልጁ ዝንባሌ ይታይ።

ለ) የረዳቱ የሥራ ዘመን ከትምህርት ዘመኑ አይጠር። የሚሄድ ከሆነ ልጁ አስቀድሞ ይነገረው፤ የሚተካውም ሰው አብሮ ይታይ። ለሁለት ወር መጥቶ የሚጠፋ ረዳት ለልጁ ሌላ መለየት ነው።

ሐ) ልጁ ስላየው ነገር እንዲናገር አይገደድ፤ በጨዋታ፣ በሥዕል ወይም በመደጋገም ሲያወጣውም አይከልከል። ከሚጮኸው ልጅ ይልቅ ጸጥ ያለው ይበልጥ ይጤን።

መ) ረዳቱ ያየውን በአጭሩ ይጻፍ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ከመምህሩና ከርእሰ መምህሩ ጋር ተቀምጦ ይመርምረው። ይህ ስብሰባ ለልጁ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሐዘን ሲሸከም ለሚውለው ረዳትም መደገፊያ ነው። ረዳቱ ሐኪም ስላልሆነ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ባለሙያ የሚያስተላልፍበት መንገድ ይዘጋጅለት።

ሠ) የትምህርት ቤቱ በር ለወላጅና ለአሳዳጊ ክፍት ይሁን።

እነዚህ ነጥቦች ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት የአመለካከት ለውጥ ነው። የዕቅድ ሰው ረዳቱን እንደ ትርፍ እጅ የቆጠረው እንደ ሆነ፣ እጁን ወደ ፈለገበት ያዛውረዋል። ልጁ ግን ጠዋት ወደ ክፍል ሲገባ የሚፈልገው የአንድን ሰው ፊት ነው፤ ያ ሰው ትናንት የነበረው ከሆነ ሊቀመጥና ሊማር ይችላል።